ጎተራው የሰፋ ቀን

ሰሞኑን ምራቴ ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ስልክዎ ቦታ ሞልቷል ይላል፤ ምን ላጥፋልዎት?» አለችኝ። ልጅቷ ክፉ ነገር አልተናገረችም፤ በየቤቱ በየቀኑ የሚባል ነገር ነው። እኔ ግን «ምንም እንዳትነኪ!» ብዬ ስጮህባት፣ ደንግጣ ስልኩን እንደ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታ መጠየቅም አያምርብኝም፤ የፊት ጥርሶቼ ከሄዱ ወዲህ «ይቅርታ» ስል ግማሹ ቃል በፉጨት ነው የሚወጣው። ሳቀችብኝ። እሷ ስቃ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ፣ ደበላን ሳስብ ዋልኩ።

ያ ዘመን የትኛው ዘመን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ቁጥር ከእኔ ጋር ተጣልቷል። የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ሁሉ በቁቤ ከተጻፈ ቆየት ብሏል፤ አስፋልቱ ግን ገና ከበደሌ በኩል እየተጓተተ ይመጣል ይባል ነበር። ሻይ ሁለት ብር ገባ ተብሎ ከተማው ያጉረመረመበት ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያ ሁለት ብር የሻዩን ሽታ እንኳ አያስነኩም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የነበረው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ተገትሮ፣ ጠዋት የኦሮምኛ፣ ከሰዓት የአማርኛ ዘፈን ያስጮኽ ነበር፤ የኡካና የቡሬ መኪና የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ በትከሻው ይቀበላል። የሚለበሰው ሳልባጅ ነው። እኔ አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ደረቱ ላይ የማላውቀው አገር የማላውቀው ትምህርት ቤት ዓርማ ተሰፍቶበታል። ተማሪዎቹ «ጋሼ ይመር ውጭ አገር ተምረዋል» ይባባሉ ነበር። እኔም አላስተባበልኩም። ለምን ላስተባብል? ኮቱ ተምሮ ሊሆን ይችላል።

የምሠራው ኮሌጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በጡረታ በሰላም ነው የወጣሁት፣ በሰላም እንለያይ። ንብረት ክፍል ነበርኩ፤ ጠመኔ፣ መጥረጊያ፣ እግር የጎደለው ወንበርና አንድ የሚያስል ጄኔሬተር ጠባቂ። እነዚያ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲመጡ ጠንካራ በር ያለው ክፍል ተፈለገ፤ እንዲህ ያለ በር የነበረው የእኔ መጋዘን ብቻ ነው፤ ቁልፉም እኔ ወገብ ላይ ነው። በዚሁ «የሰርቨር ክፍል ኃላፊ» ተባልኩ። ሌላው ሰው በትምህርት ያድጋል፣ እኔ በቁልፍ አደግኩ። ሁለት ሳምንት ጅማ ልከው አሠለጠኑኝ። ከሥልጠናው በደንብ የማስታውሰው የሆቴሉን ፍርፍር ነው።

ደግነቱ ሌንሴን ቀጠሩልን። ሌንሴ የቡሬ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቿ ከአፏ ይልቅ የሚናገሩ። በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ ብረቶች ሰርቨር ናቸው። ውስጣቸው ግን ስድስት ማሽኖች አሉ፤ በዓይን አይታዩም፤ ቨርቹዋል ነው የሚባሉት።»

«ስድስቱም አሁን እዚህ ውስጥ ናቸው?»

«አዎ።»

«ጠባብ አይሆንባቸውም?»

ሳቀችና፣ «አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ተከራዮች ያስቧቸው። እያንዳንዱ የራሱ ቤት ያለው ይመስለዋል። ዕቃቸው ግን ሁሉም በአንድ ጎተራ ነው፤ ያ ሦስተኛው ሳጥን። ሁለቱም ሰርቨሮች ከዚያው ነው የሚዘግኑት። አንዱ ብረት ቢታመም ተከራዮቹ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ እህሉ ካለበት ስለማይነቃነቅ ማንም አይራብም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ ሳጥን በግቢው ሁሉ ስሙ ጎተራ ሆነ። ስድስቱን የማይታዩ ማሽኖች ደግሞ በአገራችን ወንዞች ስም ሰየምናቸው። ሶር የተማሪ መዝገብ ይዟል። ጌባ ደመወዝ ነው፤ እሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ባሮ የቤተ መጻሕፍቱ ነበር፤ ባሮ ውስጥ ያለው ነገር የደበላ ነበር።

ደበላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው፤ የዳሪሙ ሰው። እኔ በዚያ በክፉው ዘመን ከወሎ በሠፈራ የመጣሁ ነኝ፤ ከአፋን ኦሮሞ «ውሃ»ን እንኳ የማልል ደንቆሮ ሆኜ። ቋንቋውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ ስድቡን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን። እኔና እሱ ሠላሳ ዓመት የተነጋገርነው በስድብ ብቻ ነበር ብል ትንሽ ነው የማጋንነው። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ፣ «አንተ ወሎዬ፣ ረኃብ ነድቶህ መጣህ፤ ይኸው ደግሞ ጎተራችንን አስረከቡህ! ዘንድሮ ምን ልንበላ ነው?» ይለኛል። እኔም፣ «አንተ የዳሪሙ ንብ፣ ለመሆኑ ዛሬ የማንን ሬሳ ስታስለፈልፍ አደርክ?» እለዋለሁ። ሰው ሰምቶ የተጣላን ይመስለው ነበር። አንዲት አዲስ መምህርት እንዲያውም ልታስታርቀን ሽማግሌ ልትፈልግ ተነስታ ነበር። እኛ ተያይዘን ሻይ ቤት።

«ሬሳ ማስለፍለፍ» ያልኩት ሥራውን ነው። ደበላ ከወጣትነቱ ጀምሮ፣ ማንም ሳይልከው፣ አበል ሳይቆረጥለት፣ ቅዳሜና እሑድ ቴፕ በትከሻው አንግቶ በእግሩ ገጠር ለገጠር እየዞረ የሽማግሌ ድምፅ ይቀዳ ነበር። ዳሪሙን፣ ከኡካ ማዶ ያሉትን መንደሮች፣ የቡሬን ቆላ። ንብ እንዴት እንደሚለመን፣ የትኛውን ቡና የማን አያት እንደተከለው፣ በየትኛው ጥላ ሥር ማን ከማን ጋር ታርቆ ጠላትነቱን እንደቀበረ። መሐል መሐል ላይ የራሱ የደበላ ድምፅ ይገባል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ። በሕይወቱ ሙሉ ሰውን ያስናገረው በዚያች «ከዚያስ?» ነው። ከሁሉም የሚሳሳለት አንድ ካሴት ነበረው፤ እናቱ በቆሎ እየወቀጡ የሚያንጎራጉሩበት። ሴትዮዋ የሞቱት ካሴቱ በተቀዳ በሳምንቱ ነው። ፎቶ አልነበራቸውም። ከእሳቸው የቀረው ድምፅና የሙቀጫ ምት ነበር።

ጎተራው እንደመጣ ደበላን ያባበልኩት እኔ ነኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ ምስክር አለብኝ። የመቱ እርጥበት ካሴቶቹን ሻጋታ ያስይዛቸው ጀምሮ ነበር፤ የካሴቱ ካርቶን የተቀመጠበት የእኔ መጋዘን ደግሞ መደርደሪያ አጥሮት ነበር። «እዚህ ሳጥን ውስጥ ከገባ አይጥ አይነካው፣ ሻጋታ አይነካው፣ አንተ ብትሞት እንኳ ጸጉሩ አይነካም» አልኩት። ተጠራጠረ። «በሰባት ቁልፍ ነው የምይዘው» አልኩት። አንድ ክረምት ሙሉ ከሌንሴ ጋር ተቀምጠው ካሴቱን አንድ በአንድ ወደ ባሮ ገለበጡ። ሲጨርሱ ካሴቶቹን ከነካርቶኑ ሙዚቃ ቤቱ ወሰደው፤ ባለቤቱ በላዩ ዘፈን ይቀዳበታል። ደበላ ካርቶኑ ሲሄድ ቆሞ አየና፣ «ይመር፣ እናቴን አንተ ጋ ነው ያስቀመጥኳት» አለኝ። ያን ቀን አልሰደበኝም ነበር። ቁም ነገር ሲሆን እንደማይሰድበኝ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ጎተራ የሚሞላው በእህል ብቻ አይደለም፤ በእንግዳ ጓዝም ነው። መምህራኑ የሠርጋቸውን ቪዲዮ ማስገባት ጀመሩ። ቀጥሎ የልጅ ክርስትና፣ ቀጥሎ የጎረቤት ሠርግ። ሌንሴ ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን እያየች «ጋሼ፣ ከመቶ ዘጠና ስድስት ደርሷል፤ አንድ ቀን ስድስቱም ወንዞች ባንዴ ይቆማሉ» ትለኛለች። እኔም ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ ሠርጋቸውን እንዲያጠፉ እለምናለሁ። አንዱን መምህር፣ «ቪዲዮውን አጥፋ እንጂ ሚስትህን አላልኩህም» ብለው፣ «ጋሼ፣ ሚስቴን ባጠፋ ይሻለኛል፤ ቪዲዮውን ካጠፋሁማ ማታ ቤት አልገባም» አለኝ። ማንም ምንም አላጠፋም። በመጨረሻ አዲስ ዲስኮች ታዘዙ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከብርድ ልብስ ጋር ተጠቅልለው፣ ጭቃ የነካቸው ሳይመስሉ መጡ። ካርቶኑ ሲከፈት የአዲስ ጫማ ዓይነት ሽታ ነበረው። እንደ ሙሽራ ነበር ያየናቸው።

ማስፋቱ ሦስት ደረጃ አለው ብላኝ ነበር ሌንሴ። መጀመሪያ ዲስኮቹን ጎተራው ውስጥ ሰክቶ ሳጥኑን ማስፋት። ቀጥሎ ሁለቱም ሰርቨሮች ዞር ብለው ጎተራው መስፋቱን እንዲያዩ ማድረግ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ውስጡን፣ እህሉ ያለበትን ክፍል፣ እስከ አዲሱ ግድግዳ ድረስ መዘርጋት። «እዚህ ላይ ብቻ ነው ጥንቃቄው» አለች፤ «ማሽኑ ይጠይቃል። ያለውን ላስፋ ወይስ እንደ አዲስ ላድርገው ይላል። ሁለተኛውን ከነኩት ጎተራው ይሰፋል፤ ግን ይጠረጋል።» በወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ ከተትኩት፤ ከዓርማው በስተጀርባ፣ ልቤ ላይ። እሷ ልትሠራው ነበር የታሰበው፤ እኔ እንዳይ ብቻ ነበር።

ግን እኛ አገር ትልቅ ሥራ ዝም ተብሎ አይጀመርም። ቤት ሲሠራ፣ ማሳ ሲታረስ፣ ወፍጮ ሲተከል፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ይመርቃል፤ የመጀመሪያውን ምሰሶ፣ የመጀመሪያውን ትልም እሱ ይነካል። ያን ዕለት ጠዋት ዲኑ ኃላፊዎቹን ይዞ መጣ፤ ዳቦና ለስላሳ ቀረበ፤ ስድስቱንም ወንዞች አቁመናል። ደበላም በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሌንሴ ሁለቱን ደረጃ ጸጥ ብላ ጨረሰች። ሦስተኛው ላይ ልትደርስ ስትል ዲኑ፣ «ጋሼ ይመር እያሉ? ይመርቁንና እሳቸው ይክፈቱት!» አለ። ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ያን ግብዣ ስጠብቀው ነበር። ኮቴን ጠዋት በውሃ አሽቻለሁ። መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ፤ ዲኑ ፎቶ አንሺ አመጣለሁ ብሎኝ ነበርና፣ በመነጽር አሮጊት ነው የምመስለው።

መረቅኩ። «የሰፋ ይሙላ፣ የሞላ አይጉደል» አልኩ፤ በሁለቱም ቋንቋ። «አሜን» አሉ መዳፋቸውን ዘርግተው። ተቀመጥኩ። ነካሁ። ማሽኑ ጠየቀኝ። ሁለት መስመር ጭጋግ ታየኝ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ወረቀቱን አውጥቼ ማንበብ ነበረብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወረቀቱን እንደ መስታወት ዓይኔ ሥር አስጠግቼ። «ሌንሴ፣ የቱ ነው?» ማለትም እችል ነበር። ሦስት ቃል። የሰርቨር ክፍል ኃላፊ፣ ውጭ አገር የተማረ ኮት የለበሰ ሰው፣ ልጅቷን የቱ ነው ብሎ ሊጠይቅ? በስክሪኑ ጥቁር ዳር የሌንሴን ጥላ አየሁት። እጇ ተነሳ። እስከ ትከሻዬ ደረሰ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የመረቀ ሽማግሌ እጅ አይያዝም። እኔ እጇን አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ። የታችኛውን ነካሁት። ቁጥሩ ሰፍቶ ብቅ አለ፤ ያን ያህል ሰፊ ባዶ ቦታ አይተን አናውቅም ነበር። ሰው አጨበጨበ፤ ለስላሳው ተከፈተ።

ሌንሴ ብቻ አላጨበጨበችም። ወንበሩን ከኋላዬ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ባሮን አስነሳችው። የለም አለ። ሶርን። የለም። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ባዶ ነው» አለች። በዚያች ቅጽበት፣ ለአምስት ሴኮንድ ያህል፣ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ በመቱ መብራት ብልጭ ድርግም የማይልበት ቀን የለም። እኔም ተነስቼ፣ «መብራት! መብራት ነው ያጠፋብን!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መብራት ሥራው ያው ነው፤ ማንም አልተጠራጠረም። ሌንሴ አንገቷን ደፋች። በራፉ ላይ ደበላ የዳቦውን ቁራሽ እንደያዘ ቆሞ ነበር።

ሶርና ጌባ በሳምንት ተመለሱ፤ የእነሱ ቅጂ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ ነበርና። የተማሪ ውጤትና ደመወዝ አስፈላጊ ነው ተብሎ ነበር። የሽማግሌ ወሬ «ትርፍ ነገር» ተብሎ ቅጂ አልተያዘለትም። ያንን የወሰነው ማነው? ቦታ እንዳያጣብብ ብዬ እኔው ነኝ። ሌንሴ «ጎተራው ላይ ምንም ሳይጻፍበት አዲስ አበባ እንላከው፤ ምናልባት ሊገኝ ይችላል» ብላ ለመነች። ምዝገባ ደርሶ ነበር፤ ከላይ «ዛሬውኑ ሥራ ይጀመር» ተባለ። በባሮ ላይ የአዲስ ተማሪ ስም ፈሰሰበት። መብራት ነው ያልኩ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን አፍ አለው? ሌንሴ ዓመት ሳይሞላት ሥራ ለቃ ሄደች። ስትሰናበተኝ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰላም አለችኝ።

ደበላ ጎተራው በተጠረገ ዕለት ወደ ቤቱ ሄደ። በነጋታው በር ላይ አገኘሁት፤ ስድቡን እየጠበቅኩ ቆምኩ። «እንደምን አደርክ፣ ይመር» አለኝ። በቃ። «አንተ የዳሪሙ ንብ…» ብዬ ጀመርኩለት። ፈገግ ብሎ አለፈኝ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ «እንደምን አደርክ።» ሻይ ቤት አብረን እንቀመጣለን፤ ስለ ዝናቡ ያወራኛል፣ ስለ ቡና ዋጋ ያወራኛል፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ማንም። እኔ እወጋዋለሁ፣ እነካካዋለሁ፤ «አዎ፣ ልክ ነህ» ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ልክ ሆኜ አላውቅም። ሰድቦኝ ቢሆን፣ በጥፊ አጩሎኝ ቢሆን፣ ዕዳውን ከፍዬ እገላገል ነበር።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲጠና፣ ድምፅ መቅጃ ገዝቶ መጣ፤ ከመዳፍ የምታንስ። «ዳሪሙ ልሄድ ነው፤ እንደገና ልጀምር» አለኝ። ጸጉሩ ያኔ ጥጥ መስሏል። «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። እምቢ አላለም። መኪናው እስከሚደርስበት ደረስን፤ ከዚያ በእግር። እኔ ግራጫ ኮቴንና ቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ጫማ አድርጌአለሁ፤ ለሠርግ እንጂ ለዳገት ያልተሠራ። ደበላ ዱላውን ይዞ ከፊት፣ እኔ እየተንሸራተትኩ ከኋላ። ጉሬዛዎች ከዛፉ ላይ ቁልቁል ያዩናል፤ ነጭና ጥቁር ለብሰው፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ዘመዶች ይመስላሉ። የመጀመሪያው ደጅ ላይ፣ ንብ የሚለምኑት ሰውዬ ልጅ ወጥቶ፣ «አባቴ? አምና አረፉ» አለን። ሁለተኛው ቤት ፈርሶ በቆሎ በቅሎበታል። ሦስተኛው ቤት ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ግን ጆሯቸው ሄዷል። ደበላ «ከዚያስ?» ሲላቸው «ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና?» ይሉታል፤ ደጋግመው፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ሳቅሁ። ደበላም ሊስቅ ሲል አየሁትና ተወው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት አሉ ተባለ፤ አዴ ድንቄ የሚባሉ፣ ከደበላ እናት ጋር አብረው በቆሎ የወቀጡ። ደጃቸው ላይ ስንደርስ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። «አንተ እዚህ ዕረፍ፤ እኔ ልግባ» አለኝ። የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሶሌን በልጥ ሳስር ከጎጆው ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም፤ የእሳቸው ቀጭን፣ የእሱ ወፍራም፤ አንዴ ረዥም ዝምታ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «እህ?» አልኩት። «ደግ ተናገሩ፤ የእናቴ ዜማ ግን ጠፍቷቸዋል» አለ። በመመለሻችን የተበጠሰውን ጫማዬን ተቀብሎ በዱላው ላይ አንጠልጥሎ ተሸከመልኝ። ያቺን መቅጃ ወደ ጎተራው አላመጣትም።

ደበላ የሞተው እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በሽታው አላሰቃየውም፤ እንደ ኑሮው በዝግታ ወሰደው። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ «ደበላ፣ መብራት አይደለም» ልለው። አንድ ቀን ጀምሬው ነበር። «ደበላ፣ ያን ጊዜ…» ስል፣ «ይመር፣ ሻይ በልልን እስቲ» አለኝ። ሻይ ልል ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ተኝቷል። ቀበርነው። አፈሩን ስመልስ እንኳ ከውስጥ «አንተ ወሎዬ፣ ቀስ በል» ይለኛል ብዬ ጠብቄአለሁ፤ የኔ ነገር።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን፣ የደበላ ልጅ በሊሴ ጠራችኝ። ትልቅ ሴት ናት፤ ነርስ፤ የሁለት ልጆች እናት። ብቻዋን ሳሎን ተቀምጣለች። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ልጆቼ የአያታቸውን ድምፅ አሰሚን አሉኝ። ስልኬን ሁሉ ፈተሽኩ፤ ፎቶ እንጂ ድምፅ የለኝም። ስልክ ሲደወልለት እንኳ ‹ና ቤት› ብሎ ይዘጋል፣ ያውቁት የለ። ኮሌጁ ጎተራ ውስጥ ግን አባባ በየካሴቱ ነበር፤ ‹ከዚያስ?› ሲል። እርስዎ ቁልፉን ይዘው ነበርና… አንዲት ቁራጭ አትገኝም?»

«ያኔ፣ ልጄ… መብራት…» አልኩ።

«እሱንማ አባባ ነግሮናል፤ ምናልባት ብዬ ነው» አለችና ከቦርሳዋ ያቺን መቅጃ አወጣች። «ይህችን የልብስ ሣጥኑ ውስጥ አገኘሁ። ባትሪ ቀየርኩላት። ብቻዬን መስማት ፈርቼ ነው የጠራሁዎት።»

ነካችው። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የአዴ ድንቄ። ስለ በቆሎው፣ ስለ ሙቀጫው። «ከዚያስ?» አለ ደበላ። በሊሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አሮጊቷ ዜማውን ሞከሩት፤ ሁለት ስንኝ ሄዱና ጠፋቸው። «ዕድሜዬ በላው» አሉ በኦሮምኛ። «ቢሆንም አንተ ጋ አለ አይደል? ያኔ የእናትህን ስትቀዳ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።»

«ጠፋ፣ እናቴ» አለ ደበላ።

«ጠፋ? ማን አጠፋው?»

ያ ከደጅ ሆኜ የሰማሁት ረዥም ዝምታ ነው። ዶሮዋ ሁለት ጊዜ ጮኸች።

«አኑመ» አለ ደበላ። እኔው ነኝ ማለቱ ነው።

«አንተ? ያን ያህል አገር በእግርህ ዞረህ?»

«እኔ ነኝ። በደንብ አልያዝኩትም። አሁን ግን ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉልኝ፣ እናቴ፤ ወዳጄ ደጅ ተቀምጧል። እኔ ማወቄን አያውቅም። ከሰማ ልቡ ይሰበራል።»

መቅጃዋ ቀጥ አለች። በሊሴ ግራ ተጋብታ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ አባባ ምንድን ነው ያጠፋው?»

«አባትሽ ምንም አላጠፋም» አልኳት። «እኔ ነኝ። መብራትም አይደለም። መነጽሬን ቤት ትቼ፣ ሰው አጨብጭቦልኝ፣ ልጅቷ እጇን ስታነሳ አይቼ፣ በዚህ ጣቴ ነው። አያትሽን እኔ ጋ ነበር ያስቀመጣት።» ቃሉ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ግማሹ በፉጨት። ጣቴን እንደ ሌባ ዘርግቼ ቆየሁ። እንድትጮህብኝ፣ ውጣልኝ እንድትለኝ ጠበቅኩ።

በሊሴ አልሰማችኝም። ሰምታኝም ከሆነ አልመለሰችልኝም። መቅጃዋ ላይ አጎንብሳ፣ በአውራ ጣቷ ትንሿን ቁልፍ ወደ ኋላ ትመልሳለች።

«አኑመ» አለ ደበላ።

መለሰችው።

«አኑመ» አለ።

እንደገና መለሰችው።